የዳሌ ወለል ጡንቻ ስፖርት ለወንዶች፦ ማንን ይጠቅማል? ማንን ይጎዳል?

ሽንት ቤት ገብተው ጨርሰዋል። አራግፈዋል፣ ዚፑን ዘግተዋል፣ እጅዎን ታጥበዋል። ገና ከበሩ ሳይርቁ ግን ሱሪዎ ላይ ጠብ ይላል። ይህ ነገር በብዙ ወንዶች ላይ ይደርሳል፤ በተለይ ዕድሜ ገፋ ሲል። የሚያወራው ግን የለም። አንዱ ጥቁር ሱሪ ብቻ መልበስ ይጀምራል። ሌላው "ስኳር ያዘኝ እንዴ?" ብሎ ይጨነቃል። ሌላው "እርጅና ነው" ብሎ ይተወዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። የወንድ የሽንት ቧንቧ ረጅም ነው። ከፊኛ ይነሳል፣ በፕሮስቴት መሃል ያልፋል፣ ከዘር ፍሬ ከረጢት በስተኋላ ይታጠፍና ወደ ብልት ይወጣል። እጥፋቱ ላይ ትንሽ ሽንት ሊቀር ይችላል። እዚያው ቦታ ላይ ቧንቧውን አቅፎ የያዘ ጡንቻ አለ። ሥራው የቀረችውን ጨምቆ ማስወጣት ነው። እሱ ሲደክም የቀረው ሽንት እርስዎ መራመድ ሲጀምሩ በራሱ ጊዜ ይወርዳል።

ይህ ጡንቻ የአንድ ትልቅ ቡድን አባል ነው። ቡድኑ የዳሌ ወለል ጡንቻ ይባላል። ከፊት ካለው የብልት አጥንት ተነስቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ ጠፍር አልጋ የተወጠረ ነው። ፊኛንና ፊንጢጣን ከሥር ይሸከማል። ሽንት፣ ሰገራና ፈስ ያለፈቃድ እንዳይወጡ ይዘጋል። ብልት ሲቆም የገባው ደም ተመልሶ እንዳይወጣ ደም ሥሮቹን ይጫናል። የዘር ፈሳሽን ገፍቶ የሚያስወጣውም እሱ ነው። ስንተነፍስ ደግሞ አብሮ ዝቅና ከፍ ይላል። ይህን ሁሉ ሥራ የያዘ ጡንቻ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ወንድ መኖሩን የሚያውቀው ሲታመም ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ታሪኩ ነው። ጡንቻውን እየሳቡ በመልቀቅ የሚያጠነክረውን ስፖርት ያስፋፋው አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ጽሑፍ ከወሊድ በኋላ ጡንቻቸው ስለላላ ሴቶች ነበር። እስከዛሬም ስፖርቱ "ኬግል" እየተባለ በስሙ ይጠራል። በዚህ የተነሳ "የሴቶች ጉዳይ" ሆኖ ቀረ። በእኛም አገር ይህን የሰውነት ክፍል በጉልህ ያሳወቀን በወሊድ የተጎዱ እናቶችን የሚያክመው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ነው። ወንዱ ስለራሱ ሲጠይቅ ግን መልስ የሚያገኘው ባብዛኛው ከቲክቶክና ከቴሌግራም ነው። እዚያ ደግሞ "በሳምንት ውስጥ ብልት ያሳድጋል" ብለው የሚሸጡ ሞልተዋል። ቁርጡን ልንገርዎ፤ ይህ ስፖርት ብልት አያሳድግም። የሚያሳድግ ነው ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው እያታለለዎት ነው።

መጀመሪያ ጡንቻውን ማግኘት

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ጨምቅ" ሲባል ቂጡን ይጨምቃል፣ ሆዱን ያስገባል፣ ጭኑን ያጋጥማል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚህ የባሰው ደግሞ እንደሚያምጥ ወደ ታች መግፋት ነው። ያ ጡንቻውን ያዳክመዋል እንጂ አያጠነክረውም።

በጀርባዎ ይተኙ። ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ። አሁን ብልትዎን ወደ ውስጥ ለመሳብ፣ ለማሳጠር ይሞክሩ። ዘር ፍሬዎን ወደ ላይ እንደሚያነሱ ያስቡ። ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገባ ሰው ውሃው እዚያ ጋ ሲደርስ የሚያደርጋት እንቅስቃሴ ናት። የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ15 ጤነኛ ወንዶች ላይ የተለያዩ ትዕዛዞችን በአልትራሳውንድና በኤሌክትሮድ አነጻጽረው ነበር። የሽንት ቧንቧውን የሚዘጋውን ጡንቻ በደንብ ያሠራው "ብልትህን አሳጥር" የሚለው ትዕዛዝ ሆኖ ተገኘ። "ፊንጢጣህን ጨምቅ" ሲባሉ ግን ይበልጥ የሠራው የኋላው ጡንቻ ነው። ስለዚህ ችግርዎ ሽንት ከሆነ ሐሳብዎ ከፊት ይሁን።

ትክክል መሆንዎን ለማረጋገጥ ልብስዎን አውልቀው መስታወት ፊት ይቁሙ። ጡንቻውን ሲስቡ ብልትዎ ከሥሩ በትንሹ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዘር ፍሬዎም ከፍ ይላል። ወይም በዘር ፍሬ ከረጢትና በፊንጢጣ መሃል ባለው ቦታ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ። ሲስቡ ከጣትዎ ሥር ጠንከር ብሎ ወደ ላይ ሲሸሽ ይሰማዎታል። ጣትዎን ወደ ውጭ ከገፋው እያማጡ ነው ማለት ነው፤ ያቁሙና እንደገና ይሞክሩ።

ሽንትን መሃል ላይ የማቆም ዘዴም አለ። ጡንቻውን ለመለየት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢሞክሩት ችግር የለውም። ስፖርቱን ግን እየሸኑ አይሥሩ። በየቀኑ መሃል ላይ ማቋረጥ ፊኛው በደንብ እንዳይራገፍ ያደርጋል፤ የሚቀረው ሽንት ደግሞ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

አሠራሩ

ጡንቻውን ካገኙት በኋላ ያለው ቀላል ነው። ስበው ለ3 ሰከንድ ይያዙ፣ ለ3 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ይህን 10 ጊዜ ይድገሙ። በቀን ሦስት ዙር ይሥሩ። ሳምንታት ሲያልፉ መያዣውን ወደ 5፣ ቀጥሎም ወደ 10 ሰከንድ ያሳድጉ። መልቀቂያውንም አብረው ያስረዝሙ። ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ፤ እየቆጠሩ ትንፋሽ መያዝ ስለማይቻል ይረዳዎታል።

ጡንቻው ሁለት ዓይነት ሥራ አለበት። አንዱ ቀኑን ሙሉ በዝግታ መያዝ ነው። ሌላው ድንገት ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ቶሎ መዝጋት ነው። ስለዚህ ከረጃጅሞቹ በኋላ ቶሎ ቶሎ የሚደረጉ አሥር አጫጭር መሳቦችን ይጨምሩ። መጀመሪያ ተኝተው፣ ሲለምዱት ተቀምጠው፣ ከዚያ ቆመው ይሥሩት። ሽንት የሚያመልጠው ባብዛኛው ስንቆም ነውና ተኝቶ ብቻ መሥራት አይበቃም።

መልቀቅ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። በእያንዳንዱ መሳብ መካከል ጡንቻው እስከ መጨረሻው መውረድ አለበት። ሳይለቁ መልሰው ከሳቡ እየጠነከረ ሳይሆን እየተኮማተረ ይሄዳል። ቸኩሎ ሃምሳ ከመሥራት ረጋ ብሎ አሥር መሥራት ይሻላል። ከወትሮው አብዝተው ሠርተው በማግሥቱ ማምለጡ ከባሰብዎ ጡንቻው ደክሟል፤ ይቀንሱ።

ለውጥ የሚታየው ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ምንም አላየሁም ብሎ መተው ያለ ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የትኛውም ጡንቻ በሁለት ሳምንት አይገነባም።

ከላይ ላነሳነው ጠብታ ደግሞ ዛሬውኑ የሚሠራ ዘዴ አለ። ሸንተው ሲጨርሱ ጡንቻውን አንዴ ጠንከር አድርገው ይሳቡት። ካልበቃ ከዘር ፍሬ ከረጢት ኋላ በጣትዎ ጫን ብለው ወደ ፊትና ወደ ላይ፣ ወደ ብልትዎ ሥር ይሳቡ። የቀረው ሽንት ወደ ፊት ይመጣል፣ ያራግፉታል። ሽንት ድንገት አስቸኩሎ ለሚያስሮጠው ሰውም ጡንቻው ያግዛል። ከመሮጥ ቆም ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መሳብ ፊኛውን ያረጋጋዋል። ጥድፊያው በረድ ሲል ረጋ ብሎ መሄድ ነው።

ከፕሮስቴት ኦፕሬሽን በኋላ

ይህ ስፖርት ለወንድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር የተቀመጠ እጢ ነው። ሽንትን የሚይዙ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ ከፕሮስቴት በላይ፣ በፊኛው አንገት ላይ ያለው ነው። እሱን አናዘውም፣ በራሱ ይሠራል። ሁለተኛው ከፕሮስቴት በታች ያለው ነው፤ እኛ የምናዘው። ለካንሰር ሲባል ፕሮስቴቱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የላይኛው በር አብሮ ይነካል። ከዚያ ወዲያ ሙሉ ሸክሙ በታችኛው በርና በዳሌ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ዕድሜ ልኩን ረዳት ሆኖ የኖረ ጡንቻ በአንድ ቀን ዋና ይሆናል።

ለዚህ ነው ካቴተሩ (ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሽንት እንዲያወጣ ፊኛ ውስጥ የሚቆየው ቱቦ) በወጣ ማግሥት ሽንት የሚያመልጠው። ከወንበር ሲነሱ፣ ሲያስሉ፣ ዕቃ ሲያነሱ ይመጣል። ጠዋት ደህና ሆኖ ወደ ማታ ይብሳል፣ ጡንቻው ሲውል ይደክማልና። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ፣ እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ እየተሻለው ይሄዳል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ከሌለ ግን አባወራው ከቤት መውጣት ያቆማል። ለቅሶ ቤት አይሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይቀራል፣ ልጆቹን እንኳ ያፍራቸዋል። ከኦፕሬሽኑ በፊት አሥር ደቂቃ ማስረዳት ይህን ሁሉ ጭንቀት ያቀላል።

ስፖርቱ ምን ያህል ይረዳል? በቤልጅየም ሉቨን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 102 ወንዶችን ተከታትሏል። በሦስተኛው ወር፣ በባለሙያ ከሠለጠኑት 88 በመቶዎቹ ሽንታቸውን መያዝ ችለዋል። ካልሠለጠኑት የቻሉት 56 በመቶ ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን ልዩነቱ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከ800 በላይ ወንዶችን ይዞ በዓመቱ ሲለካ፣ በግል ከባለሙያ ጋር በሠሩትና በተለመደው እንክብካቤ በቆዩት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የሚገባኝ ይህ ነው፤ ስፖርቱ መድረሻውን ብዙም አይቀይርም፣ መንገዱን ግን ሊያሳጥር ይችላል። በሦስት ወር ሽንትን መያዝና በዓመት መያዝ ለታማሚው አንድ አይደለም። የአሜሪካ የዩሮሎጂ (የሽንት አካላት ሕክምና) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያም ከኦፕሬሽኑ በኋላ ስፖርቱ ለታማሚዎች ይሰጥ ይላል።

ከተቻለ ከኦፕሬሽኑ ጥቂት ሳምንታት በፊት ይጀምሩ። ጡንቻውን ሳያምም ማግኘት ከቁስል በኋላ ከመፈለግ ይቀላል። ካቴተር እያለ ግን አይሥሩ፤ እስኪወጣ ይጠብቁና ሐኪምዎ ሲፈቅድልዎ ይቀጥሉ። ከወንበር ከመነሳትዎ፣ ከማሳልዎ፣ ጀሪካን ከማንሳትዎ በፊት ጡንቻውን ቀድመው መሳብ ይልመዱ። በቀን ሦስት ዙር ሠርቶ በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚረሳው ሰው ብዙ አይጠቀምም። ዓመት አልፎ ማምለጡ ካልቆመ ሌላ ሕክምና አለ፤ በኦፕሬሽን የሚገባ መደገፊያና ሰው ሠራሽ መዝጊያ ይሠራል። ተስፋ የሚቆረጥበት ነገር አይደለም።

ስንፈተ ወሲብና ቶሎ መጨረስ

ብልት እንዲቆም ደም መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ ተይዞ መቆየት አለበት። በብልት ሥር ያሉት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ሲጨመቁ በውስጡ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚያ ነው። እነሱ ሲደክሙ ይጀምርና ይላላል።

በእንግሊዝ ግሬስ ዶሪ የተባለች ፊዚዮቴራፒስትና ባልደረቦቿ ይህን ችግር የነበረባቸውን 55 ወንዶች አሠልጥነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙ። ከስድስት ወር በኋላ 40 በመቶዎቹ ወደ ጤነኛ ሁኔታ ተመልሰዋል። 35 በመቶ ገደማ ተሻሽሏቸዋል። ሩብ ያህሉ ግን ምንም አልተለወጡም። ትኩረቴን የሳበው ሌላ ነገር ነው፤ ከ55ቱ 36ቱ ከሸኑ በኋላ ጠብታ ያስቸግራቸው ነበር። ሁለቱን ችግሮች አንድ ጡንቻ ያገናኛቸዋል።

ቶሎ ለሚጨርሱም ተሞክሯል። በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት ችግሩ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የነበረባቸው 40 ወንዶች ለ12 ሳምንት ሠሩ። 33ቱ መቆጣጠር ቻሉ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሳይሠለጥኑ ጎን ለጎን የተለኩ ሰዎችም አልነበሩትም። ስለዚህ ተስፋ ሰጪ ነው ልበል እንጂ የተረጋገጠ መድኃኒት ነው አልልም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብልት አልቆም ማለቱ አንዳንዴ የልብና የደም ሥር በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ነው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ መጥበቡ እነሱ ላይ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ስኳር፣ ደም ግፊትና ሲጋራም ያመጡታል። በስፖርቱ ተዘናግተው ስኳርዎንና ግፊትዎን ሳይለኩ እንዳይቀሩ። ከየሱቁ ሳይታዘዝ የሚገዛው የወሲብ ክኒን ደግሞ ለልብ ሕመም ናይትሬት ከሚባሉት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ሊገድል ይችላል።

ማን መሥራት የለበትም?

አንዳንድ ወንዶች ችግራቸው የጡንቻ መላላት አይደለም። ጡንቻቸው ከመጠን በላይ ተወጥሯል፣ መልቀቅ አቅቶታል። በፊንጢጣና በዘር ፍሬ መሃል ያማቸዋል። የብልታቸው ጫፍ ያቃጥላቸዋል። ከግንኙነት በኋላ ሕመሙ ይብሳል። ብዙ ሲቀመጡ ይነሳባቸዋል። ሽንት ለመጀመር ይቆያሉ፣ ሲወጣም እየቆራረጠ ነው።

እነዚህ ሰዎች ባብዛኛው "ፕሮስቴትህ ኢንፌክሽን አለው" ተብለው አንቲባዮቲክ ላይ አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ይከርማሉ። ነገር ግን ለወራት ከቆየ የዚህ ዓይነት ሕመም ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ባክቴሪያ የሌለበት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ኢንተርኔት ላይ አንብቦ መጨመቅ ሲጀምር ሕመሙ ይጨምርበታል። ይጠነክርልኛል ብሎ ይብስ ይጨምቃል። ስቃዩ የሚራዘመው እንዲህ ነው።

ለእነሱ የሚያስፈልገው የተገላቢጦሽ ነው። አንድ እጅ ሆድ ላይ አድርጎ በአፍንጫ በዝግታ ወደ ውስጥ መተንፈስ፣ ሆዱ ሲነፋ የዳሌው ወለል ወደ ታች ሲለቅ ማዳመጥ። ቁጢጥ ብሎ መቆየት። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት። ሕመም ካለብዎ ይህን ሳያጣሩ መጨመቅ አይጀምሩ።

ጡንቻውን የሚያደክሙ ልማዶች

የሆድ ድርቀት ዋናው ነው። በየቀኑ ማማጥ የዳሌውን ወለል ወደ ታች ይገፋዋል። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት በዚህ ረገድ ለሰውነት ይመቻል፤ መቀመጫ ያለው ከሆነ እግር ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ ማድረግ ይረዳል። የሲጋራ ሳልም ቀን ተቀን ጡንቻውን ይመታል። ጂም የሚሠሩ ሰዎች ብረት ሲያነሱ ትንፋሽ ይይዛሉ፤ ሲያነሱ ማስወጣት ይሻላል።

ቡና ፊኛን ያስቸኩላል። ሽንት የሚያስቸግረው ሰው አቦልን ጠጥቶ ቶናና በረካን ቢዘል ልዩነቱን ያየዋል። ውሃ መቀነስ ግን መፍትሔ አይደለም፤ የወፈረ ሽንት ራሱ ፊኛን ይቆጠቁጣል። ጫትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ጤነኛ ወንዶች ላይ እንኳ የሽንት ፍሰት ፍጥነትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የፊኛውን አንገት ያጠብቃል። ሆድም ያደርቃል። ፕሮስቴቱ ላደገ አዛውንት ሁለቱም መጥፎ ናቸው።

ቶሎ ሐኪም ማየት

ሽንትዎ ውስጥ ደም ካዩ ስፖርቱን ይተዉና ይመርመሩ፤ አንዴ ታይቶ ቢጠፋም እንኳ። ሽንት ጭራሽ ከቆመ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ከተጨመረበት የዚያኑ ቀን ይሂዱ። የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው በመቀመጫውና በብልቱ አካባቢ ከደነዘዘው፣ እግሩ ከከዳው፣ ሽንቱን መያዝ ወይም መሽናት ካቃተው ድንገተኛ ነው። ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ለውጥ ያመጣሉ።

ለሌላው ሁሉ ዩሮሎጂስት ወይም ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ይጀምሩ። ሲገቡ "ትንሽ ያመኛል" ብለው አይሸፍኑት። መቼ እንደሚያመልጥዎ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሸኑ፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱ ለሁለት ሦስት ቀን መዝግበው ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ከዚያ ወረቀት ብዙ ያነባል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በዳሌ ወለል ላይ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ እንዲልኳችሁ በስም ጠይቁ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ልጅዎ እንዲያስተረጉምልዎ አያድርጉ፤ በልጅ ፊት የማይነገር ነገር ሳይነገር ይቀራል።